ለኪውኦ-100 ሳተላይት የ2.4 ጊጋኸርዝ አምፕሊፋየር መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአማተር ሬዲዮ ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬዋለሁ።

ኪውኦ-100 ምንድነው? አምፕሊፋየሩስ ለምን አስፈለገ?

ኢስሃይል-2 የሚባል የኳታር የቴሌቪዥን ሳተላይት አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ከፍሎሪዳ ተወነጨፈ። ከቴሌቪዥኑ ዕቃ ጎን ለአማተር ሬዲዮ ብቻ የተተዉ ሁለት ትራንስፖንደሮች፣ ማለትም የተቀበሉትን ሲግናል በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሰው የሚልኩ መሣሪያዎች፣ ተሸክሟል፤ አንዱ ለድምፅና ለሞርስ የሚሆን ጠባብ፣ ሌላው ለዲጂታል ቴሌቪዥን የሚሆን ሰፊ ነው። አምሳት የሚባለው የጀርመን የአማተር ሳተላይት ማኅበርና የኳታር አማተሮች ማኅበር የደከሙበት ሥራ ነው። አማተሮች ኪውኦ-100 ይሉታል፤ ኳታር ኦስካር 100 ለማለት ነው። 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምድር ሲታይ አንድ ቦታ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ አንቴና ማዞር የለም። ዲሹን አንዴ ካቀናችሁ ሌሊትም ቀንም እዚያው ታገኙታላችሁ።

ወደ እሱ የምንልከው በ2,400 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። እሱ ደግሞ በ10,489.5 ሜጋኸርዝና ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመልስልናል። መቀበሉ ቀላል ነው፣ ተራ የዲሽ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት የሚቀመጠው መቀበያ) ይበቃል። ጣጣው መላኩ ላይ ነው። ፕሉቶን የመሰሉ ትንንሽ የኤስዲአር ሬዲዮዎች (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩ) የሚያወጡት ጥቂት ሚሊዋት ነው። ከሚሊዋት ወደ ዋት የሚያሻግረው ይኸው አምፕሊፋየር ነው።

ከኢትዮጵያ ይደረሳል? አሜሪካ ያለሁትስ?

ከኢትዮጵያ በደንብ ይደረሳል። ሳተላይቱ 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። የአረብሳት ባድር ሳተላይቶች ደግሞ 26 ዲግሪ ላይ ናቸው። ስለዚህ የሰፈራችሁን የዲሽ ሠራተኛ «አረብሳት ላይ አቅናልኝ» ካላችሁት ሥራው አልቋል። ከአዲስ አበባ አቅጣጫው 236 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ደቡብ ምዕራብ ነው። ከፍታው ደግሞ 72 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዲሹ አናቱን ወደ ሰማይ ስለሚያንጋጥጥ የጎረቤት ፎቅ አይጋርደውም። እኔ ጀርመን ሆኜ ከፊቴ ካለው ዛፍ ጋር ስታገል የአዲስ አበባ ሰዎችን እቀናባቸዋለሁ።

እስራኤል፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና አውሮፓ ያላችሁም ችግር የለባችሁም። ዋሽንግተንና ዳላስ ያላችሁ ግን አይሆንላችሁም፤ ሳተላይቱ ከአድማስ በታች ነው። ለማዳመጥ ያህል እንግሊዝ አገር ጉንሂሊ የተተከለውን የኢንተርኔት መቀበያ መጠቀም ትችላላችሁ። እንዲያውም ማንም ሰው አምፕሊፋየር ከመጀመሩ በፊት አንድ ሳምንት እሱን ቢሰማ እመክራለሁ። ንጹሕ ሲግናልና የተበላሸ ሲግናል በዓይን እንዴት እንደሚለዩ ከዚያ ይታያል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ለመላክ አዎ፣ በየትኛውም አገር። ኢትዮጵያ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጥያቄያችሁን ወደዚያው ውሰዱ። አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ፣ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የታወቀ የክለብ ጣቢያ አለ። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ክለብ ከመቶ ቪዲዮ ይበልጣል።

ስንት ዋት ይበቃኛል?

ለድምፅ 5 ዋት፣ ከ80 ሴንቲሜትር ዲሽ ጋር። ለሞርስ 1 ዋትም ይበቃል። ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። እስከ ሳተላይቱ ድረስ በመንገድ ላይ የሚጠፋው 191 ዴሲቤል አካባቢ ነው (ዴሲቤል የእጥፍ መለኪያ ነው፦ 10 ዴሲቤል 10 እጥፍ፣ 20 ዴሲቤል 100 እጥፍ)። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን የ80 ሴንቲሜትር ዲሽ በ2.4 ጊጋኸርዝ 23 ዴሲቤል ያህል ይሰበስባል፤ ይህም 200 እጥፍ ማለት ነው። 5 ዋታችሁ ሳተላይቱ ፊት እንደ 1,000 ዋት ሆኖ ይቀርባል። ላይ ያለው መቀበያ ደግሞ ለዚሁ ታስቦ የተሠራ ነው።

«50 ዋት ላድርገው?» ለሚል ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፦ ገንዘቡን ዲሹ ላይ አውሉት። ከ80 ወደ 120 ሴንቲሜትር ስትሄዱ 3.5 ዴሲቤል ታገኛላችሁ። ዋታችሁን ከእጥፍ በላይ ያሳደጋችሁ ያህል ነው። በዚያ ላይ መቀበያውም አብሮ ይሻሻላል፤ ዋት ግን ለመስማት ምንም አይጠቅምም። ትልቅ ዋት የሚያስፈልገው በሰፊው ትራንስፖንደር ላይ ዲጂታል ቴሌቪዥን ለሚልክ ሰው ነው። ያ ሌላ ሒሳብ ነው።

8 ዋት ተብሎ የሚሸጠው የዋይፋይ ቡስተር ያገለግላል?

ለመጀመሪያ ያገለግላል። ብዙ ሰው በእሱ ነው የጀመረው። ሦስት ነገር ግን እወቁ። ካርቶኑ ላይ 8 ዋት ቢልም በንጹሑ የምታገኙት ከ2 እስከ 3 ዋት ቢሆን ነው። ሁለተኛ፣ ቡስተሩ ሲግናል ሲሸተው ብቻ ወደ መላክ ይቀየራል፣ ሲያጣ ወደ መቀበል ይመለሳል። የዋይፋይ ፓኬት ላይ ይህ ጥሩ ነው። የሰው ንግግር ላይ ግን ዝቅ ባላችሁ ቁጥር እየቆረጠ አፋችሁን ያስይዛችኋል። ስለዚህ ሳጥኑን ከፍታችሁ ሁልጊዜ በመላክ ላይ እንዲቆይ ማሰር አለባችሁ።

ሦስተኛው፣ የተሠራው ለራውተር ስለሆነ ብዙዎቹ በመግቢያቸው እንደ ራውተር 100 ሚሊዋት ገደማ ይጠብቃሉ። ፕሉቶን በቀጥታ ብታስገቡበት ዝም ይላል። «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው አብዛኛው ቡስተር በዚህ ምክንያት ነው፤ በመሃል አንዲት ትንሽ ማጉያ ብትገባ ይነሳ ነበር።

ከባዶ ልሥራ ካልኩ ስንት ደረጃ ማጉያ ያስፈልገኛል?

ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ። መጨረሻ የምትፈልጉት 5 ዋት ነው፣ ከአንድ ሚሊዋት ተነስቶ ሲቆጠር 37 ዴሲቤል። የመጨረሻው ትራንዚስተር ሲጂኤች40010 ቢሆን በዚህ ፍሪኩዌንሲ 14 ዴሲቤል ያህል ይጨምርላችኋል እንበል። ስለዚህ መግቢያው ላይ 23፣ ማለትም 200 ሚሊዋት ይፈልጋል። ይህን 200 ሚሊዋት ሳይጨነቅ የሚሰጥ፣ 1 ዋት የሚችል ትንሽ ማጉያ ከፊቱ አድርጉ። ከዚያ በፊት ከፕሉቶ የሚመጣውን አንድ ሚሊዋት የሚያነሳ አንድ ተራ ቺፕ ይግባ። ሦስት ደረጃ ነው፣ ከዚህ አያልፍም።

ከመጀመሪያው ቺፕ ፊት የ2.4 ጊጋኸርዝ ፊልተር አትርሱ። ፕሉቶ ከሚፈለገው ሲግናል ጎን ብዙ የማይፈለግ ነገር ያወጣል። ሦስት ማጉያ ካለፈ በኋላ ቆሻሻውም እኩል ያድጋል። ማጉያ አድልዎ አያውቅም።

የትራንዚስተሩ የፋብሪካ ወረቀት ላይ 10 ዋት እያለ ለምን 5 ላይ ቆምክ ለምትሉኝ፦ 10 ዋት ማለት ትራንዚስተሩ እስከ ጫፍ ሲነዳ ነው። ጫፍ ላይ ድምፅ ይጨማደዳል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ኤልዲሞስ ይሻላል ወይስ ጋሊየም ናይትራይድ?

ሁለቱም የኃይል ትራንዚስተር ዓይነቶች ናቸው፤ ኤልዲሞሱ ከሲሊከን የሚሠራው ነው። ለ5 እና ለ10 ዋት የጋሊየም ናይትራይዱ ይቀልላችኋል፤ ከላይ ያነሳሁት ሲጂኤች40010 ከዚህ ነው። ባለሙያዎቹ «ጋን» ይሉታል፣ እኔም ከዚህ በኋላ ጋን እላለሁ። መግቢያና መውጫው ገመዶቹና ሌሎቹ ዕቃዎች ለተሠሩበት 50 ኦም ቅርብ ስለሆነ ማዛመዱ አያስቸግርም። ኃይልም አያባክንም። ዋጋው ግን ይከብዳል።

50 ዋትና ከዚያ በላይ ካሰባችሁ ከሞባይል ማማ የወረደ የኤልዲሞስ ሰሌዳ ፈልጉ። የሦስተኛው ትውልድ ሞባይል በ2.1 ጊጋኸርዝ ይሠራ ስለነበር ያረጁት ሰሌዳዎች ትንሽ ከተገፉ 2.4 ይደርሳሉ። አገፋፉ የሚያስቅ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል የመዳብ ቁራጭ በስቴኪኒ ጫፍ ይዛችሁ መስመሩ ላይ ታንሸራትታላችሁ፣ ዓይናችሁ መለኪያው ላይ ነው። መርፌው ከፍ ያለበት ቦታ ላይ በሶልደር ታጣብቋታላችሁ። ከዚያ ሌላ ቁራጭ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ በዚህ ያልፋል። ስቴኪኒው እንጨት መሆኑን አትርሱ፤ ብረት ከሆነ እሱ ራሱ የመስመሩ አካል ይሆናል።

ከየትም ብትገዙ ከአንድ ዕቃ በላይ አትዘዙ፣ ሞክሩት። እኔ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ሁለት ትራንዚስተር ገዝቼ አንደኛው ስሙ ተፍቆ የተጻፈበት ሌላ ዕቃ ሆኖ አገኘሁት። ገንዘቡም አልተመለሰም።

አምፕሊፋየሩን ቤት ውስጥ ላስቀምጠው ወይስ ዲሹ ጋ ልስቀለው?

ዲሹ ጋ። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ጥቁር ገመድ በ2.4 ጊጋኸርዝ በየሜትሩ 1 ዴሲቤል ያህል ይበላል። ጣሪያ ላይ ለመድረስ 10 ሜትር ከተጠቀማችሁ ከቤት 10 ዋት ይወጣል፣ ዲሹ ላይ 1 ዋት ይደርሳል። የቀረው 9 ዋት ገመዱን ያሞቃል። ወፍራሙን ኤልኤምአር-400 ብትዘረጉ እንኳ በ10 ሜትር ከ10 ዋቱ 6 ነው የሚተርፈው። ገመዱ ራሱ ከትራንዚስተሩ ሊወደድ ይችላል።

አምፕሊፋየሩን ከዲሹ ጀርባ ሰቅላችሁ በ30 ሴንቲሜትር ገመድ ከፊዱ (ከዲሹ ፊት ከሚቀመጠው ትንሽ አንቴና) ጋር ብታገናኙት ግን 5 ዋቱ 5 ዋት ሆኖ ይደርሳል። ከቤት እስከ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ትንሽ ሲግናል ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ የሚጠፋው አይቆጭም፤ ፕሉቶው ላይ ከፍ ማድረግ ነው። ለዚህ የመጀመሪያ ጉዞ ተራው የቴሌቪዥን ዲሽ ገመድ እንኳ ይሠራል። 75 ኦም መሆኑ የሚያጎድለው ከ0.2 ዴሲቤል አይበልጥም። በ15 ሜትር 5 ዴሲቤል ገደማ ቢበላ ነው። ከዚያ ሌላ ትራንዚስተሩ ለሚሠራበት 28 ቮልት አንድ ጥንድ ሽቦ ያስፈልጋችኋል።

ሳጥኑን ውኃ እንዳያገኘው አድርጉ። ገመዶቹ ሁሉ ከታች በኩል ይግቡ። ማገናኛዎቹን ራሱ ከራሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉ። ከሥር ደግሞ አንዲት 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ተዉ። ሙሉ በሙሉ የታሸገ ሳጥን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ቀዳዳዋ ካለች ጠብታው ወርዶ ይሄዳል።

ሰሌዳው ተራ ኤፍአር4 ቢሆን ምን ችግር አለው?

ኤፍአር4 የተለመደው የፋይበርግላስ ሰሌዳ ነው። ለትንንሾቹ ደረጃዎች ምንም። ለመጨረሻው ግን ሮጀርስ 4350 የመሰለውን፣ ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የተሠራ ሰሌዳ ውሰዱ። ኤፍአር4 በ4 ሴንቲሜትር መስመር ላይ 0.3 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። ይህ ብቻ ቢሆን እንችለው ነበር። የሚብሰው፣ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ (ሞገዱ ሰሌዳው ላይ ምን ያህል እንደሚያጥር የሚወስነው) ከፋብሪካ ፋብሪካ ከ4.2 እስከ 4.6 መዋዠቁ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሩብ ሞገድ ሰሌዳው ላይ 18 ሚሊሜትር ገደማ ናት። እዚያ ላይ አንድ ሚሊሜትር መሳት ትርጉም አለው። ጓደኛችሁ የሠራውን ንድፍ ኮርጃችሁ በሌላ ሰሌዳ ብታትሙት የተለየ ውጤት የምታገኙት ለዚህ ነው።

ምን ያህል ይሞቃል?

5 ዋት በንጹሑ ለማውጣት ከፓወር ሰፕላዩ 17 ዋት ያህል ይወስዳል። 12 ዋቱ ሙቀት ነው፣ ያውም ከጥፍር በምታንስ ብረት ውስጥ። የሲጂኤች40010 ወረቀት ከውስጥ እስከ ብረቱ ለእያንዳንዱ ዋት 8 ዲግሪ ይላል። 12 ሲባዛ በ8፣ 96 ዲግሪ። ብረቱ ራሱ 80 ቢደርስ ውስጡ 176 ሆነ ማለት ነው። ጣሪያው 225 ስለሆነ ይኖራል፤ ግን ብረቱ ሙቀት በሚያወጣ አሉሚኒየም ላይ ካልተጫነ በሰከንዶች ያልፈዋል። ትራንዚስተሩን በቀጥታ አሉሚኒየሙ ላይ በብሎን እሰሩት። ፔስቱ በጣም ቀጭን ይሁን፣ ዳቦ ላይ እንደሚቀባ ማርማላታ አታድርጉት።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ የሚገፋው አየር ያንን ያህል ያንሳል። ዱባይ በሠራ ሒሳብ አትተማመኑ፤ አሉሚኒየሙን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ። የዱባዩ ሰው ደግሞ በተራው ፀሐዩን ያስብበት፤ ሳጥኑ ከዲሹ ጥላ ሥር ይዋል።

የጋን ትራንዚስተሬ ገና ስከፍተው ተቃጠለ። ምን አጠፋሁ?

ከአስር ዘጠኙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። ጋን እንደ ኤልዲሞስ አይደለም። ኤልዲሞስ ጌቱ (መቆጣጠሪያ እግሩ) ዜሮ ቮልት ሲሆን ዝግ ነው። ጋን ጌቱ ዜሮ ሲሆን ወለል ብሎ ክፍት ነው። ለመዝጋት ኔጌቲቭ ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ቀጥሎ 28 ቮልቱ፣ መጨረሻ ላይ ሲግናሉ። ሲጠፋ በተቃራኒው።

የመጀመሪያዬን እኔም እንዲሁ ነው ያጣሁት። ኔጌቲቩን 7660 በምትባል ትንሽ ቺፕ ነበር የሠራሁት። ቺፗ ምግቧን የምታገኘው ከዚያው ከ28 ቮልቱ ነው። ማብሪያውን ስጫን 28 ቮልቱ ድሬን (ዋናው ኃይል የሚገባበት የትራንዚስተሩ እግር) ላይ ወዲያው ደረሰ፤ ቺፗ ግን ኔጌቲቭ ለመሥራት ጥቂት ሚሊሰከንድ ፈለገች። በዚያች ቅጽበት ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነበር። ቷ አለች፣ ከዚያ ሽታው መጣ። ፓወር ሰፕላዬ 5 አምፔር ላይ ተስተካክሎ ነበር፤ 300 ሚሊአምፔር ላይ ብገድበው ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ? የዚህኛው ጋን ጠጠር ያቺ የጥቂት ሳንቲም ቺፕ ነች።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። 28 ቮልቱ በአንድ ፒ-ቻናል ሞስፌት (እዚህ እንደ ማብሪያ የሚያገለግል ትራንዚስተር) በኩል ያልፋል። ሞስፌቱ የሚከፈተው ኔጌቲቩ መኖሩን ካየ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳበራ ጌቱን -4 ቮልት ላይ አስቀምጬ ሰፕላዩን 300 ሚሊአምፔር ላይ እገድባለሁ። ከዚያ በትንሿ ካቻቪቴ ፖቱን (የጌቱን ቮልት የምትቀይረውን የምትዞር ሬዚስተር) ቀስ እያልኩ ማዞር ነው። ለብዙ ዙር ምንም የለም። ድንገት 10 ሚሊአምፔር፣ 40፣ 90። 200 ላይ አቆማለሁ። ብዙ ጊዜ -2.7 ቮልት አካባቢ ነው። በዚህ ጊዜ መግቢያውም መውጫውም ላይ 50 ኦም ጭነት መታሰር አለበት። ባዶ አትተዉት።

ዋቱን በምን ልለካው?

የሲቢ ሬዲዮ (በ27 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የሕዝብ ሬዲዮ) መለኪያ እዚህ አይሠራም፣ የሚያሳያችሁ ቁጥር ተረት ነው። ርካሹ መንገድ ኤዲ8318 የተገጠመባት ትንሽ ሞጁል ናት፤ እስከ 8 ጊጋኸርዝ ታነባለች። ግን የምትችለው ከአንድ ሚሊዋት በታች ነው። 37 የነበረውን በ50 ዴሲቤል ቀንሳችሁ -13 አድርጋችሁ ስጧት። 30 ዴሲቤሉ ባለ 25 ዋት አቴኑዌተር (ሲግናል መቀነሻ) ከፊት፣ 20 ዴሲቤሉ ትንሹ ከኋላ። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ትንሹን ከፊት ካደረጋችሁ ትንሹ ይጠበሳል።

ትልቁን አቴኑዌተር መግዛት ካቃታችሁ ከላይ የሰደብኩትን አርጂ-58 አምጡ። 20 ሜትር ጥቅል 20 ዴሲቤል ገደማ ነው። 5 ዋት ሲገባበት በመጨረሻው 50 ሚሊዋት ይወጣል፤ ያንን ትንንሾቹ አቴኑዌተሮች ይችሉታል። ሙቀቱ በ20 ሜትር ላይ ስለሚበተን ገመዱ ለብ እንኳ አይልም። በትክክል ስንት እንደሚበላ ግን አስቀድማችሁ በትንሽ ሲግናል ለኩት።

አምፕሊፋየሩ ሲበራ መቀበያዬ ይደነቁራል። ለምን?

ኪውኦ-100 ላይ እየላካችሁ የራሳችሁን ድምፅ መልሳችሁ መስማት አለባችሁ፤ ከሩብ ሰከንድ ገደማ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ መቀበያው መደንቆር የለበትም። ችግሩ 5 ዋቱ ከኤልኤንቢው ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ መሆኑ ነው። የታወቀው መፍትሔ ከ22 ሚሊሜትር የመዳብ የውኃ ቱቦ የሚሠራው ጥምር ፊድ ነው። የ2.4ቱ ሰሌዳ ከፊት ይቀመጣል፤ የ10 ጊጋኸርዙ ሲግናል በቱቦው ውስጥ አልፎ ከኋላ ወዳለው ኤልኤንቢ ይገባል። ውስጡ 20 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ከ8.8 ጊጋኸርዝ በታች ያለውን አያሳልፍም። 2.4ቱ እዚያው በር ላይ ይመለሳል። ቧንቧ ሠራተኛ ጋ የሚገኝ ፊልተር ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፦ ሳተላይቱ የሚጠብቀው ወደ ቀኝ የሚዞር ሞገድ ነው። ዲሹ ሲያንጸባርቀው ስለሚገለብጠው ፊዱ ወደ ግራ የሚዞር መሆን አለበት። ይህን ስቶ ሳምንት ሙሉ አምፕሊፋየሩን የፈታታ ሰው አውቃለሁ። እየላካችሁም ከዲሹ ፊት አትቁሙ፣ ፊዱንም በቅርብ አትመልከቱ።

ሌይላ ጮኸችብኝ፤ ሌላው ደግሞ «ድምፅህ ሰፍቷል» ይለኛል። አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሌይላ የትራንስፖንደሩ አውቶማቲክ ዘበኛ ናት። ከመካከለኛው ቢከን (ሁልጊዜ በሳተላይቱ በኩል ከሚሰማው የመለኪያ ሲግናል) በልጣችሁ ከመጣችሁ በራሳችሁ ሲግናል ላይ ሳይረን ትለቅባችኋለች፤ ሁሉም ይሰማል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትራንስፖንደሩ ኃይሉን ለሁሉም ያካፍላል፤ አንዱ ሲጮህ የሌሎቹ ድርሻ ይቀንሳል። መፍትሔው ዋት መቀነስ ብቻ ነው። ከቢከኑ ጥቂት ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ።

መስፋት ግን ዋት ሲበዛም ሲያንስም ይመጣል። አምፕሊፋየሩ ወደ ጫፉ ሲነዳ የድምፃችሁን ከፍታ መከተል ያቅተዋል። ከዚያ የተረፈው በግራና በቀኝ ወደ ጎረቤት ይረጫል። 3 ኪሎኸርዝ ይበቃችሁ የነበረው 10 ይይዛል። 2 ዋት የሚያወጣ የተጨናነቀ ቡስተር ከ5 ዋት ንጹሕ አምፕሊፋየር የበለጠ ሊረጭ ይችላል። ለማወቅ መግቢያውን በ1 ዴሲቤል ጨምሩ። መውጫውም በ1 ዴሲቤል ከጨመረ ደህና ናችሁ። ጭማሪው ከዚያ እያነሰ ከሄደ መጨማደድ ጀምሯል፤ ከዚያ ነጥብ 3 ዴሲቤል ወደ ኋላ ተመለሱ። ዲጂታል ቴሌቪዥን ከሆነ ከዚህም በላይ ተመለሱ።

ክዳኑ ክፍት ሲሆን ይሠራል፣ ስዘጋው ያብዳል። ምንድነው?

ይሄ ሁሉንም የሚያሰለች ነው። ምልክቱ ይታወቃል፦ ሲግናል ሳታስገቡ 200 ሚሊአምፔር የነበረው ክዳኑን ስታስቀምጡ 900 ይሆናል። ከትራንዚስተሩ መውጫ የሚተነው ሲግናል በሳጥኑ ውስጥ ዞሮ መግቢያው ላይ ይደርሳል፣ ያም እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይዞራል። ሳጥኑ ራሱ ቧንቧ ሆኗል። ስፋቱ ከ62.5 ሚሊሜትር ካለፈ 2.4 ጊጋኸርዝን ከጫፍ ጫፍ ያሳልፋል። ስለዚህ ሳጥን ስትመርጡ ጠባብ ይሁን፣ ቢበዛ 50 ሚሊሜትር። አለዚያ በየደረጃው መካከል ግድግዳ አቁሙ።

ክዳኑ ክፍት ሆኖም የሚያብድ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው። ትራንዚስተሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ 14 ዴሲቤል ከሰጠ በ50 ሜጋኸርዝ ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ማንም ካልከለከለው እዚያ ይዘፍናል። ጌቱ መንገድ ላይ 10 ኦም አስገቡ። ድሬን ላይ ደግሞ ከትንሿ 10 ፒኮፋራድ ጀምሮ በናኖ በኩል እስከ 10 ማይክሮፋራድ ድረስ ካፓሲተሮች ደርድሩ፤ ትንሿ ለትራንዚስተሩ ትቅረብ።

የእኔ ሳጥን 70 ሚሊሜትር ነበር፣ ተገዝቶም ተቦርቡሮም አልቋል። ቺፖች ታሽገው የሚመጡበትን ጥቁር ስፖንጅ፣ ያን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን፣ የክብሪት ቀፎ በሚያህል ቆርጬ ከክዳኑ ሥር፣ ከመጨረሻው ትራንዚስተር በላይ ለጠፍኩት። ክዳኑን መለስኩና አበራሁ። 205 ሚሊአምፔር አነበበ። ብሎኖቹን አራቱንም አጠበቅኩ፤ 205።